አልጋ ቁጥር ስድስት

ሥራ ልትጠይቅ ሄዳ አልጋ ሰጧት።

ሳይጨመር ሳይቀነስ የሆነው ይኸው ነው። አሮጊቷ በማለዳ ተነሥታ፣ ለክት ያስቀመጠችውን ቀሚስ ለብሳ፣ ጫማዋን ወልውላ፣ «ሰው ይፈልጋሉ» ብሎ ባለሱቁ ወደ ነገራት የአረጋውያን መጦሪያ ሄደች። ከበሩ ቀጥሎ ባለው ቢሮ ውስጥ ገና ሠላሳ ያልሞላት ባለመነጽር አስተባባሪ ተቀምጣለች። ልጅቷ ዓይኗን ከኮምፒውተሩ ላይ ሳታነሣ ጥያቄውን ታዥጎደጉደው ጀመር።

«ዕድሜ?»

«ስልሳ ስምንት።»

«የሚያምዎት ነገር?»

«ጉልበቴን፣ ብርድ ሲሆን። እሱም ቢሆን ከሥራ አስቀርቶኝ አያውቅም።»

«ያለ መነጽር ማንበብ ይችላሉ?»

«ምነው፣ ዓይን የሌለኝ መሰልኩሽ?»

ልጅቷ ይህን «አዎ» ብላ ወሰደችውና ጠቅ አደረገች። «ያለ ሰው እርዳታ ይታጠባሉ?»

እዚህ ላይ አሮጊቷ ቆጣ ልትል ነበር። ግን የሥራ ፈተና ጥብቅ ነው ሲባል ሰምታለችና ዋጥ አደረገችው። «እንኳን ራሴን ሌላውንም አጥባለሁ» አለች፣ አገጯን ቀና አድርጋ።

ከዚያ ነጭ ጓንት ያጠለቀች ወጣት ሠራተኛ መጣችና ክንዷን ደገፍ አድርጋ በረጅሙ መተላለፊያ ይዛት ሄደች። ቤቱን ሊያሳዩኝ ነው ብላ ተከተለቻት። ባለጓንቷ አንድ ክፍል አስገባቻት፣ አልጋ ላይ አስቀመጠቻት፣ በርከክ አለችና ጫማዋን ታወልቅላት ጀመር።

«ምን እያደረግሽ ነው አንቺ?»

«አይዞዎት እማማ። መጀመሪያ ላይ ሁሉም እንዲህ ይላል። በሳምንትዎ ይለምዱታል።»

የተነሣው ጩኸት ወጥ ቤት ድረስ ተሰማ። አሮጊቷ በአንድ እግሯ ጫማ በሌላው ካልሲ ብቻ አድርጋ ወደ ቢሮው ተመለሰችና በሩን በርግዳ ገባች። «ሠራተኛ ልሆን መጣሁ እንጂ ልሞትልሽ መጣሁ አልኩሽ?»

አስተባባሪዋ ፊቷ እንደ ቲማቲም ቀላ። ይቅርታውን አወረደችው። ያን ሳምንት ሁለት ሠራተኞች ጥለዋት ስለሄዱ ጭንቅ ላይ ነበረች፤ አሮጊቷ ደግሞ ያን ያህል ከጮኸች ሳንባዋ ጤነኛ ነው። ስለዚህ የአሥራ አምስት ቀን ሙከራ ፈቀደችላት።

«መልካም» አለች አሮጊቷ። «ከዚያ በፊት ግን ከተኚዎቹ ዝርዝር አውጪኝ።»

ልጅቷ ጠቅ ጠቅ አደረገችና ግንባሯን ቋጠረች። «እምቢ አለኝ። አንዴ የገባ ሰው የሚወጣው በሁለት ምክንያት ብቻ ነው ይላል። ወይ ቤተሰብ መጥቶ ፈርሞ ሲወስድ፣ ወይ ደግሞ…»

«ወይ ደግሞ?»

«ሲሞቱ ነው እማማ።»

አሮጊቷ ነገሩን አመዛዘነችው። ልጇን «ነይና ፈርመሽ አስወጪኝ» ከምትላት ሁለተኛው ይቀላታል። «እንግዲያው ይቆይ» አለች።

የልጇ ነገር እንዲህ ነው። አባቷ ካረፈ ወዲህ ልጅየዋ እናቷን የምታያት እንደ ተሰነጠቀ ብርጭቆ ነው። አንድ ቀን መጥታ፣ «እማዬ፣ ብቻሽን መኖር ይበቃሻል። አንዲት ልጅ አግኝቼልሻለሁ። አብራሽ ታድራለች፣ ታበስላለች፣ ታጥብሻለች» አለቻት።

«ማንን ነው የምታጥበው?»

«አንቺን ነዋ።»

«እኔ ሥራ ልገባ ነው» አለች አሮጊቷ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ሐሳቡም አልነበራት። ልጇ ዝም ብትል ኖሮ ወሬው እዚያው በቀረ ነበር። እሷ ግን ሳቀች። «አንቺን? ፊደል ሳትቆጥሪ? ማን አብዶ ነው የሚቀጥርሽ?»

ሳቋ ነው ጉዱን ያመጣው። እናትና ልጅ ሲከራከሩ አምሽተው ተዋዋሉ፤ ወሩ ሳያልቅ ሥራ ካገኘች ልጅቷ ትቀራለች፣ ካላገኘች ያለ ምንም ጭቅጭቅ ትገባለች። እንግዲህ ለአሮጊቷ ያሉት ሁለት መንገዶች ናቸው። ወይ ሰው ታጥባለች፣ ወይ ሰው ያጥባታል።

ደግሞ ሥራውን አታውቀውም እንዳይባል! አማቷን አሥራ አንድ ዓመት፣ ባሏን አራት ዓመት አስታማለች። በእጇ የተገላበጠ ሰው ጀርባው ቆስሎ አያውቅም። ባሏ የለበሰው ሸሚዝ ላይ የሾርባ ጠብታ አየሁ የሚል ካለ ይምጣ። ጎረቤቱ ሁሉ የሚያወራው ስለዚሁ ነበር። «ያን የመሰለ ንጹሕ በሽተኛ አይተን አናውቅም» ይሉ ነበር፤ እሷም ይህን ስትሰማ አንገቷ በአንድ ጣት ይረዝማል።

በሙከራው የመጀመሪያ ቀን አንድ የላስቲክ አሻንጉሊት አስተኝተው አገላብጪው አሏት። ጎማው ተኝቶ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል።

«ይኼ ምኑ በሽተኛ ነው?» አለች። «አይሳደብ፣ አይማታ፣ አንሶላ ላይ አይለቅ። ይኼንንማ ልጄም ታገላብጠዋለች።» ይህን እያለች ከጎኑ ትራስ ወሽቃ፣ በአንድ እጇ ትከሻውን በሌላው ዳሌውን ይዛ፣ ኮሽ ሳታደርግ ገለበጠችው። ባለጓንቷ አፏን ከፍታ ቀረች። አስተባባሪዋ ደብተሯ ላይ አንድ ነገር ጻፈች፤ ጥሩ ነገር እንደሆነ ከፊቷ ያስታውቃል።

እዚያው ላይ አንድ ወረቀት ሰጠቻት። «የሚይዙት መምህሩን ነው። የእንክብካቤ ዕቅዱ ይኸውልዎት። አንብበው ይፈርሙልኝ።»

አሮጊቷ ወረቀቱን ተቀበለች፤ አራቀችው፣ አቀረበችው፣ ራሷን ሁለት ጊዜ ነቀነቀች። ፊርማ ባሏ አስተምሯታል፤ ከባንክ ሥራ አስኪያጅ ፊርማ አያንስም፣ ጅራትም አለው። ጅራቱን ጎትታ ፈረመችና ወረቀቱን አጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተችው። ወረቀት ስለ በሽተኛ ምን ሊነግራት ይችላል?

መምህሩ ዕድሜውን ሙሉ ሒሳብ ሲያስተምር የኖረ ረጅም ሽማግሌ ነው። የጭንቅላቱ ደም ሥር ከተመታ ወዲህ ቀኝ እጁ ዝሏል፤ ምላሱም ተሳስሯል። አሮጊቷ ክፍሉ ስትገባ ያየችው ነገር ደሟን አፈላው። ባለጓንቷ ወንበር ላይ እጇን አጣምራ ቁጭ ብላለች። ከፊቷ መምህሩ ሁለት ጆሮ ያለው ኩባያ ይዞ ይንቀጠቀጣል። ግማሹ ሻይ ደረቱ ላይ ፈስሷል። ልጅቷ ታየዋለች፤ ዝም ብላ ታየዋለች!

«አንቺ! ሰውየው እየተቃጠለ ምን ትጎለቺያለሽ?»

«ለብ ያለ ነው እማማ። እየሠራሁ ነው እኮ።»

«ቁጭ ብለሽ?»

ኩባያውን ከመምህሩ እጅ መንጭቃ ወሰደችው። ደረቱን ጠረገች፣ ሸሚዙን ቀየረች፣ አንገቱ ሥር ጨርቅ አደረገች፣ አገጩን በሁለት ጣቷ ከፍ አድርጋ ሻዩን በማንኪያ አጠጣችው። አንዲት ጠብታ ጠብ አላለችም። «አዩ መምህር፣ እንዲህ ነው» አለችው። መምህሩ በቁጣ ይሁን በመገረም አፈጠጠባት። እሷ ግን ምስጋና ነው ብላ ተቀበለችው።

እንዲህ እያለ ቀኑ ነጎደ። መምህሩ ከመጦሪያው ሰው ሁሉ የጸዳ ሆነ። ይበላል፣ ይጠጣል፣ ጸጉሩ እንደ ሙሽራ ተበጥሮ ይውላል። መጀመሪያ ላይ ግራ እጁን ዘርግቶ ማንኪያውን ሊነጥቃት ይሞክር ነበር። «እጅዎን ይሰብስቡ» ትለዋለች፤ እጁን ብርድ ልብስ ውስጥ ትከትለታለች። በስምንተኛው ቀን መዘርጋቱን ተወ። ተስማማን፣ አለች በልቧ።

አንድ ያልተስማማት ነገር የምግብ ሰዓት ነበር። ወጥ ቤቷ በየቀኑ በትሪ ጨው የሌለው ሾርባና የተፈጨ ድንች ይዛ ትመጣና፣ «አልጋ ስድስት!» ብላ ትጣራለች። «ሠራተኛ ነኝ አልኩሽ እኮ!» ትላለች አሮጊቷ። «እኔ ምን አውቃለሁ? የተሰጠኝ ዝርዝር ላይ ጥርስ የላትም ይላል» ትላለች ወጥ ቤቷ። አሮጊቷ ሙሉ ጥርሷን ገልጣ ታሳያታለች፤ ከዚያ ቆማ ድንቹን ትበላዋለች። ምግብ መጣል አትወድም።

አሥራ አምስተኛው ቀን ደረሰ። አስተባባሪዋ ደብተሯን ይዛ ገባች፤ ባለጓንቷም ተከተለቻት። አሮጊቷ መምህሩን ከንጋቱ ጀምራ አጥባ፣ ላጭታ፣ ንጹሕ ሸሚዝ አልብሳ አስቀምጣዋለች። ትራሱን አየት፣ ጥፍሩን አየት አድርገው «ጎበዝ» እንዲሏት ትጠብቃለች። አስተባባሪዋ ግን ትራሱንም ጥፍሩንም አላየችም። ባለሁለት ጆሮውን ኩባያ ለብ ያለ ሻይ ሞልታ መምህሩ ፊት አስቀመጠችና ወደ ኋላ ሸሸት አለች።

መምህሩ ኩባያውን አየ። ከዚያ ወደ አሮጊቷ ዞረና አፉን እንደ ጫጩት ከፈተ።

እጁ ጭኑ ላይ እንደ ተጣለ ጓንት ተጋድሟል።

«ምን ቆማችሁ ታያላችሁ? ጠምቶት እኮ ነው!» አሮጊቷ ማንኪያ አነሣች።

«እማማ፣ ይተዉት።»

«ምኑን ነው የምተወው?»

አስተባባሪዋ መነጽሯን አወለቀች። «እርስዎ ሲመጡ እስከ አገጩ ያደርሰው ነበር። ስድስት ወር ለፍተንበት ነው እዚያ የደረሰው። ሥራው እኮ ማጠጣት አይደለም፤ ራሱ እስኪጠጣ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው። ቢፈስም ይፍሰስ፣ ቢቆይም ይቆይ ተብሎ ዕቅዱ ላይ ተጽፏል። አንብበው ፈርመዋል።»

ማንበብ አልችልም ብትል ኖሮ ምናልባት ያልፍላት ነበር። አላለችም። ከምትል ምላሷን ብትውጥ ይሻላታል። የሰጧትን የሥራ ጋዋን አውልቃ፣ አጣጥፋ፣ አልጋው ጫፍ ላይ አስቀምጣ ወጣች። ለመውጣትም የማንንም ፊርማ አልጠበቀችም።

ቤቷ ስትደርስ ልጇ ጓዳ ውስጥ ሻይ እያፈላች ነው። ነገሩን ከፊቷ አነበበችው፤ እሷ እንኳን ማንበብ ታውቃለች። «አይክፋሽ እማዬ። ልጅቷን ነገ አመጣታለሁ» አለች በለሰለሰ ድምፅ። ሻዩን ቀዳች፣ ስኳሩን አማሰለች፣ «ያቃጥልሻል ቆይ» አለችና ከአንዱ ብርጭቆ ወደ ሌላው እየገለበጠች አበረደችላት። ዳቦውን ቆራርሳ ፊቷ አስቀመጠችላት። ከዚያ ብርጭቆውን ራሷ ይዛ ወደ እናቷ ከንፈር አስጠጋችላት።

አሮጊቷ እጆቿን አየቻቸው። ጭኗ ላይ ተቀምጠዋል። ምንም ያልሆኑ፣ ጤነኛ እጆች ናቸው። የሚፈልጋቸው ግን የለም።

ያኔ ባሏ ትዝ አላት። ብርድ ልብሱ ላይ ስትርመሰመስ የምትውለው የባሏ ቀኝ እጅ ትዝ አለቻት። አሮጊቷ ኩባያ ስታመጣለት እጁ ተነሥታ ትመጣ ነበር። «ሰብስባት፣ አንሶላውን ልታበላሽብኝ ነው» እያለች ታጥፍለት ነበር። አንድ ዓመት ያህል እጁ መጣች፤ ከዚያ ቀረች። ጎረቤቱ ስለ ሸሚዙ ሲያወራ ስለ እጁ የጠየቀ ሰው አልነበረም። እሷም አልጠየቀችም።

ብርጭቆውን ከልጇ እጅ ወሰደች። «ስጪኝ፤ ይፍሰስብኝ» አለች። ልጇ ምን እንደነካት አልገባትም።

ወረቀቱ አሁንም ደረቷ ውስጥ አለ። ልጇ እንድታነብላት ልታወጣው አሰበችና ተወችው፤ የወደቀችበትን ነገር ከልጇ አፍ መስማት አልፈለገችም።

በማግሥቱ ጠዋት መጦሪያው በር ላይ ዘበኛው እጁን ዘረጋባት። «እናቴ፣ ይቅርታ፤ ከሠራተኛ ዝርዝር ትናንት ወጥተዋል። መግባት አይቻልም።»

«የተኚዎቹንስ ዝርዝር አይተኸዋል?»

ዘበኛው ወረቀቱን ገለበጠ፤ በጣቱ እየተከተለ ወረደ። ድንገት ዓይኑ ተጎለጎለ። «አልጋ ስድስት! ወይ ጉዴ! ማን ነው ያስወጣዎት? ያለ ቤተሰብ ፊርማ እኮ መውጣት ክልክል ነው!» ግራ ቀኙን አየና ክንዷን ያዝ አድርጎ ፈጠን ፈጠን እያለ አስገባት። «ለማንም እንዳይናገሩብኝ እናቴ፣ ከእንጀራዬ ያፈናቅሉኛል።»

«ከአፌ አይወጣም» አለች አሮጊቷ።

ምግብ ቤት ገብታ መምህሩ ፊት ለፊት ተቀመጠች። ወጥ ቤቷ «አልጋ ስድስት!» አለችና ትሪውን አስቀመጠችላት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ክርክር አልገጠማትም። ባለጓንቷ ማንኪያዋን እንደያዘች ክው ብላ ቀረች፤ ሮጣም አስተባባሪዋን ልትጠራ ወጣች።

የመምህሩ ሻይ ፊቱ ተቀምጧል። አሮጊቷን ሲያይ ፊቱ በራ፤ አፉንም ከፈተላት።

አሮጊቷ እጆቿን ጭኗ ሥር አድርጋ ተቀመጠችባቸው። «ምን ታየኛለህ?» አለችው። አሥራ አምስት ቀን ሙሉ «እርስዎ» ስትለው ነበር፤ አሁን እንደ እኩያዋ አከበረችውና «አንተ» አለችው። «ጋዋን የለኝም። እኔም እንዳንተ ተኚ ነኝ። ያንተን ሻይ የማጠጣበት ምን ዕዳ አለብኝ?»

መምህሩ አፉን ገጠመ። ግራ ገባው።

«ያን ሁሉ ልጅ ስትቀጣ የኖርክ ሰው አንዲት ኩባያ ፈርተህ?» አሁንም እጁ ንቅንቅ አላለችም። እጇን ከሥሯ አወጣችና ከፊቱ ዳቦውን አንሥታ ገመጠችበት። ዓይኑ ጠበበ። ሁለተኛ ገመጠች። «ጥሩ ዳቦ ነው። የኔን ድንች ብታየው…» ከዚያ ኩባያውን በአንድ ጣቷ ወደ ራሷ ሳብ፣ ደግሞ ሳብ አደረገችው።

የመምህሩ ቀኝ እጅ ከጭኑ ላይ ተነሣች።

በዝግታ ነው የመጣችው። ጠረጴዛው ጫፍ ደርሳ ወደቀች። እንደገና ተነሣች። አሮጊቷ ጭኗ ሥር የመለሰቻቸው እጆቿ ጉንዳን የወረራቸው ያህል ይበሏት ጀመር፤ አሁን ብትደግፈው፣ በአንድ ጣቷ ብቻ! አማቷን ስታስታምም እንዲህ አልደከማትም። ባሏን ስትገንዝም እንዲህ አልደከማትም። ግንባሯ ላብ አወጣ። ዝም ብሎ መቀመጥን ያህል ከባድ ሥራ በዕድሜዋ አልሠራችም።

ግራ እጁም መጥታ አገዘች። ኩባያው ተነሣ፤ ተንቀጠቀጠ፤ ገሚሱ ሻይ ሸሚዙ ላይ፣ ጠረጴዛው ላይ፣ የአሮጊቷ ድንች ላይ ፈሰሰ። ከንፈሩ ደረሰ። ተጎነጨ። ኩባያውን ድም አድርጎ አስቀመጠና ጣቱን ወደ እሷ ቀሰረ።

«ሌ… ባ!» አላት።

አሮጊቷ እስክታስል ሳቀች፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ሌባ ነኝ!» አለች። «ድገመው፣ አልሰማሁህም!»

«ሌባ!»

አስተባባሪዋ በሩ ላይ ቆማለች። ልታስወጣት ነበር የመጣችው፤ ግን አንዴ ኩባያውን፣ አንዴ የራሰውን ሸሚዝ ታያለች። ቀስ ብላ መጥታ አጠገባቸው ቆመች።

«እማማ» አለች በመጨረሻ፣ «ዕቅዱን ያነበበ ሰው በማንኪያ እንደማያጠጣው ሌሊት ሳስበው ነው የገባኝ። ማንበብ እንደማይችሉ ለምን አልነገሩኝም?»

«መች ጠየቅሽኝ?»

«ጠይቄዎታለሁ እንጂ። መዝገቡ ላይም አለ።»

«ዓይን አለኝ ነው ያልኩሽ። ይኸው አለኝ።» አሮጊቷ ከደረቷ ውስጥ ወረቀቱን አወጣች። በላብ ርሷል፤ እጥፋቱ ላይ ሊቀደድ ደርሷል። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችውና በመዳፏ አስተካከለችው። እጇ ትንሽ ተንቀጠቀጠች፤ መምህሩ አየባት፤ እሷም እንዳየባት አየች።

«ልጄን አስጠሪልኝ» አለች። «መጥታ ትፈርምና ከዚህ አልጋ ታውጣኝ። ለእኔ የቀጠረቻትንም ልጅ ይዛት ትምጣ፤ እዚህ ሰው አንሷችኋል፣ እኔ አሠለጥናታለሁ። ጋዋኔንም ማንም እንዳይለብስብኝ።»

«እማማ፣ ይህን ለመወሰን እኮ መጀመሪያ—»

«መጀመሪያ ቁጭ በይ። ወንበሩ ይኸው። ይህን ወረቀት ከላይ ጀምረሽ እስከ ፊርማዬ ድረስ አንብቢልኝ። ጮክ ብለሽ፤ ስለ እሱ የተጻፈ ነውና እሱም ይስማ። ቶሎ ቶሎ አትበይብኝ፣ አንዲት ቃል ዘለሽ ካገኘሁሽ ውርድ ከራሴ። ስትጨርሺ የአልጋ ሰባትንም ዕቅድ ታመጫለሽ። በይ፣ ምን ታዪኛለሽ? አንብቢ!»